የኖዝል ዕቁብ

አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ ላይ ጠዋት የናፍጣ መኪና ሲነሳ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሲያድር፣ ሹፌሮች ባትሪው እምቢ ቢል ተገፍቶ እንዲነሳ ማታውኑ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ቁልቁለት አዙረው ያቆሙታል። ሲነሳም በቀላሉ አይደለም። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ሞቅ ሲለውና ጭነት ሲሰማው ደግሞ ጥቁር። ገበያ የሚወርዱ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው "ኧረ በእመብርሃን፣ አጥፋው!" ይላሉ። ሹፌሩ ግን ካጠፋው ተመልሶ እንደማይነሳለት ስለሚያውቅ ነዳጅ እየሰጠ ያስጓራዋል።

የማወራው ስለ 1990ዎቹ መጨረሻ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የአንድ ኤንፒአር አይሱዙ ረዳት ሆኜ ነበር። ከደብረ ብርሃን ጎረቤላ ያለው አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ያኔ ጠጠር ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ ከዚያም ከፍ እያለ 3,000 ሜትርን አልፎ ነው ወደ አንኮበር የሚደርሰው። ገብስና ባቄላ ጭነን እንወጣለን፤ ሸቀጥ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይዘን እንመለሳለን። ወደ አልዩ አምባ የወረደ መኪና ደግሞ ከሞቃቱ አገር ጭኖ ሲመለስ ያንን ሁሉ ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣዋል። እኔ ታኮ ይዤ ከኋላ በእግሬ እከተላለሁ። ጭሱን የጠጣሁት ያኔ ነው።

በዚያ መስመር የሚሠራ መኪና ሁሉ አንድ በሽታ ነበረበት፤ ኖዝል።

ኖዝል ለማያውቅ ሰው እዚህ ግባ የማይባል ዕቃ ነው፤ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ውስጡ መርፌ አለ። መርፌውና ቤቱ ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተፈጭተው የተጣጣሙ ናቸውና የአንዱን መርፌ አውጥቶ ለሌላው ቤት መስጠት አይቻልም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የሚለካው በሚሊሜትር ሺኛ ነው። ፖምፓው ናፍጣውን ሲገፋና ግፊቱ በቂ ሲሆን መርፌው ይነሳል፣ ናፍጣው ደቆ ወደ ሞተሩ ይረጫል፣ መርፌው መልሶ ይዘጋል። ዶልፊን በምንላቸው ሚኒባሶች ላይ በነበሩት ቱ ኤልና ስሪ ኤል በሚባሉት የቶዮታ ሞተሮች ይህ ግፊት 150 ባር አካባቢ ነው። በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ እንዲህ የሚሠራ ዕቃ ውስጥ አንዲት የውኃ ጠብታ ወይም ከበርሜል የመጣች ዝገት ስትገባ ምን እንደምታደርግ መገመት አያቅትም።

እኛ ደግሞ ናፍጣ የምንቀዳው ደብረ ብርሃን ነበር። ሳንቀዳ ከመጣን ወይም መንገድ ላይ ካለቀብን ከበርሜል በጄሪካን እንገዛለን። በርሜሉ ክረምት ከበጋ ደጅ የቆመ ነው። በዚያ ላይ ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ይረክስ ስለነበር እየቀላቀሉ የሚሸጡ አሉ። ነጭ ጋዝ ስስ ነው፤ ፖምፓውም ኖዝሉም የሚለሰልሱት በሚያልፍባቸው ናፍጣ ስለሆነ፣ ነጭ ጋዝ የበዛበት ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ብረት ከብረት እየተፋተገ ያልቃል። ሹፌሩ ይህን የሚያውቀው ካለቀ በኋላ ነው፤ መኪናው ጠዋት አልነሳ ሲል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ፣ ናፍጣ ሲበላ።

ከዚያ ኖዝል ሊገዛ ብቻውን አዲስ አበባ ይወርዳል። ሄዶ ይገዛል፣ ያስገጥማል፣ ደስ ይለዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ጭስ ተመልሶ ይመጣል። ዕቃው ኦርጅናል ይሁን ኮፒ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ካርቶኑ ላይ ዴንሶ የሚል የአምራች ስም ተጽፏል፤ ማተሚያ ቤት የሚጽፈውን ማን ይከለክለዋል? መልሶ ቢወስድ "አንተ ነህ በመጥፎ ናፍጣ ያበላሸኸው" ይባላል። የመኪናው ባለንብረት ደግሞ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ "በቀደም ኖዝል ብለህ ወስደህ አልነበር?" ይለዋል። ሹፌሮች ከሥራቸው የተባረሩት በማሽከርከር ጥፋት ብቻ አልነበረም፤ በኖዝል ሒሳብ የተጣሉም ብዙ ናቸው። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ታማኝ ሰው ታማኝነቱን የሚያሳይበት ማስረጃ ሲያጣ ማየት ከባድ ነገር ነው።

በጋራ እንግዛ የሚለውን ሐሳብ ያመጡት ከመስመሩ ሹፌሮች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የታክሲ ረዳት ሆነው ሠርተዋል። በየካቲት 1966 መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው ከተማዋን ቀጥ ሲያደርጓት እዚያው ነበሩ፤ ከጭማሪው ከፊሉ ሲነሳም አይተዋል። ተከትሎ የመጣው አብዮት ያመጣውን ሌላ ሌላውን ሲያነሱ ድምፃቸው ይቀዘቅዛል። ያቺን ሳምንት ሲያወሩ ግን ዓይናቸው ይበራ ነበር። "ሹፌር ለየብቻው ሲሆን ትራፊክም ነጋዴም ይጫወትበታል፤ አንድ ላይ ሲቆም ግን ሰው ይሆናል" ይሉን ነበር።

አዲስ ነገር አልፈጠሩም፤ ዕቁብ ነው ያሉት። ዳኛ እሳቸው፣ ጸሐፊ እኔ፤ ጽሕፈቴ ይነበባል ተብሎ። የተለመደው ዕቁብ ለአንዱ ዕጣ ይወጣለትና ብሩን ይዞ ይሄዳል። የእኛ ብሩ ሞልቶ እስኪያልቅ ድረስ ለማንም አይወጣም፤ ሲሞላ የሁሉም ኖዝል በአንድ ቀን ይገዛል። ዕጣ የሚወጣው ማን መጀመሪያ ያስገጥም በሚለው ላይ ብቻ ነው። ሁሉም መኪና በአንድ ጊዜ ጋራዥ ከገባ ገበያተኛውን ማን ያጓጉዛል?

ደብተሩን አሁንም በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ። በአንድ ገጽ የአንድ መኪና ሞተር ዓይነት፣ የፖምፓው ዓይነት፣ ስንት ሲሊንደር እንደሆነ፣ የተከፈለ፣ የቀረ። ይህን ለመሙላት ኮፈን እያስከፈትኩ፣ መኪና ሥር እየተኛሁ፣ ሞተሩ ጎን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጨርቅ እየጠረግሁ አነብ ነበር። ሹፌሩ "ስሪ ኤል ነው" ያለኝ ቱ ኤል ሆኖ ይገኛል፤ ሞተሩ ተቀይሮ እሱ አያውቅም። ላንድክሩዘሮቹ ዋን ኤች ዜድ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፤ አይሱዙዎቹ ደግሞ ፖምፓቸው ዜክሰል። ሁሉም ተጽፎ ሲያልቅ ወደ ሃያ መኪና ሆነ። ያን ዝርዝር ስናነብ ጋሼ "እዩት እንግዲህ፤ ለየራሳችን ለማኝ ነን፣ አንድ ላይ ግን ጅምላ ገዢ ነን" አሉ።

ጠቡ የተነሳው ምን ይገዛ በሚለው ላይ ነው። ወጣቶቹ ሹፌሮች መደበኛውን ኖዝል አልፈለጉም። ኃይል ይጨምራል ተብሎ የሚሸጥ፣ ናፍጣ አብዝቶ የሚለቅ ኖዝል አለ ብለው ሰምተዋል፤ ከዚያም ጋር ፖምፓውን ማስጨመር። ፖምፓው ላይ የናፍጣውን መጠን የሚወስን ቡሎን አለ፤ እሱን ጠበቅ ሲያደርጉት ናፍጣ ይጨምራል። ከአልዩ አምባ በኩል ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እንወጣለን ነው ሐሳባቸው። ምኞታቸው ይገባኛል። ያን ዳገት ታኮ ይዞ በእግሩ የወጣ ሰው ማንንም አይወቅስም።

ክርክሩ ስለበረታ ጋሼ ሁላችንንም ይዘው ደብረ ብርሃን፣ አንድ የፖምፓ ባለሙያ ዘንድ ወሰዱን። ባለሙያው ብዙ የማያወሩ ሰው ነበሩ። ወጣቶቹን እስኪጨርሱ ሰሟቸው። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፦

"ልጆች፣ መኪናችሁ የሚያጨሰው ናፍጣ አንሶት ይመስላችኋል? በዝቶበት ነው። ያጣው አየር ነው። እናንተ ለጠገበ ሰው እንጀራ ልትጨምሩለት መጣችሁ" አሉ።

አስረዱን። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አየር ገፍቶ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ፖምፓው ግን ቆላም ሆነ ደጋ የሚሰጠው ናፍጣ ያው ነው። የሚያቃጥለው አየር ያጣው ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ በዚያ ላይ ሲጨመርበት ጭሱና ሙቀቱ ይበዛል እንጂ ጉልበት አይገኝም፤ ፒስተንም ይቃጠላል። ተርቦ ያለው መኪና ሌላ ጉዳይ ነው። "ለእናንተ የሚበጃችሁ በትክክል የሚረጭ ኖዝልና ንጹሕ ፊልትሮ ነው። ፖምፓውን እንደ አገራችሁ ከፍታ እኔ ቀነስ አደርግላችኋለሁ፤ ጨምርልኝ ያለኝን ግን አልነካለትም።"

ከወጣቶቹ አንዱ "ታዲያ ዳገቱን በምን እንውጣው?" አላቸው።

"ጭነት ቀንሰህ" አሉት።

ማንም አልሳቀም። ጭነት መቀነስ ማለት ገቢ መቀነስ ነውና እውነቱ መራራ ነበር። ያም ሆኖ መደበኛው ኖዝል ይገዛ ተብሎ ተወሰነ፤ በየመኪናው አንድ የናፍጣ ፊልትሮ እንዲጨመርም። አንዱ ግን ተቀይሞ ወጣ። የከፈለው ይመለስለት አይመለስለት የሚለው ሌላ ጭቅጭቅ ሆነ። ጋሼ "የወጣን ሰው ገንዘብ ይዘን የምንገዛው ዕቃ አይባረክም" ብለው አስመለሱለት፤ የእሱን ድርሻ ሌሎቻችን ሞልተን መጠባበቂያ አደረግነው።

ብሩ ሲሞላ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የወረድነው ጋሼ፣ ባለሙያው፣ አንድ ሹፌርና እኔ ነን። ሶማሌ ተራን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከበር እስከ ጣሪያ መለዋወጫ የተደረደረባቸው ጠባብ ሱቆች፣ ዘይት የጠጣ ወለል፣ ዕቃ በትከሻ ይዘው "ዞር በሉ!" የሚሉ ልጆች፤ የምትፈልገውን ገና ሳትጨርስ ከሦስት አቅጣጫ "አለ!" የሚል ድምፅ። ጋሼ የመጀመሪያው ሱቅ ገብተው ያሉት ነገር ዋጋ ስንት ነው አልነበረም። "ይህን ሁሉ ኖዝል እንገዛለን፤ ከመክፈላችን በፊት ግን መፈተሻ ላይ እናየዋለን" ነው ያሉት።

ነጋዴው ዝርዝሩን አየ፣ ጋሼን አየ። "አባት፣ ኖዝል ተሞክሮ አይሸጥም" አለ። ወጣን። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሌላው ግን ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ስልክ ደውሎ ከአንድ ሰው ጋር ተነጋግሮ፣ "ቀብድ ጥላችሁ ውሰዱ፤ ያልረጨውን ዛሬውኑ መልሱ" አለን። ያን ቀን የገባኝ ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። አራት ኖዝል የሚገዛ አንድ ሹፌር ያንን ቢጠይቅ ኖሮ ከሱቁ በር አያልፍም ነበር። ዋጋውም ቀንሶልናል፤ እሱ ግን ትርፉ ነው። ብዛታችን የገዛልን የመፈተን መብት ነው።

መፈተሻው ቀላል መሣሪያ ነው፤ በእጅ የሚጫን ማንሻ፣ የናፍጣ ማጠራቀሚያ፣ ግፊት የሚያሳይ ሰዓት። ባለሙያው ኖዝሉን አስረው ማንሻውን ይጫኑታል። የሰዓቱ እጅ ሽቅብ ይወጣል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ደህናው ኖዝል ጥርት ያለ ድምፅ አሰምቶ ቅጥነቱ እኩል የሆነ የናፍጣ ጭጋግ ይረጫል። ስር ያስቀመጡት ነጭ ወረቀት ላይ ክብ ሆኖ ያርፋል። መጥፎው ድምፅ የለውም፤ በአንድ ጎን ይሸናል። ሌላው ደግሞ ጥሩ ይረጭና ሲዘጋ አያጠብቅም። ባለሙያው ግፊቱን ከመክፈቻው ዝቅ አድርገው ይዘው ዝም ብለው አፉን ያዩታል፤ ጫፉ ላይ ዕንባ ከቋጠረ ይጥሉታል። እኔ ጭጋጉን ለመንካት እጄን ስዘረጋ በቁጣ መለሱኝ፤ ያ የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ ሰንጥቆ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ እጅ ያስቆርጣል አሉኝ።

ካርቶናቸው አንድ ዓይነት፣ ጽሕፈታቸው አንድ ዓይነት፣ ስናወጣቸው ዘይት ጠጥተው የሚያብረቀርቁ ነበሩ። ከመካከላቸው ግን አፋቸው ዕንባ የቋጠረ ወጡ። እነሱን ለይተን መለስን፣ ነጋዴው ያለ ጭቅጭቅ ቀየረልን። ቃሉን ጠብቋል። ደረሰኙንም በዝርዝር ጻፈልን፣ ከነተጨማሪ እሴት ታክሱ፤ ታክሱ በ1995 ከመጣ ወዲህ ያለ ደረሰኝ ረከስ አድርጎ መግዛት ተለምዶ ስለነበር ይህ ራሱ ክርክር ነበረበት። ጋሼ በደረሰኙ ላይ አልተደራደሩም። እኔ ደረሰኙን በየመኪናው ከፋፍዬ፣ ግልባጩን ከደብተሩ ገጽ ጋር አያይዤ ለየባለንብረቱ ላክሁ። ባለንብረቶቹ መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር። ወደ ሃያ መኪና በአንድ ዋጋ መግዛቱን ሲያዩ ግን የሚሉት ጠፋቸው። ሹፌሮቹ ያን ጊዜ የተነፈሱትን ትንፋሽ አልረሳውም።

ኖዝሉ በዕጣ ተራ ተገጠመ። ጠዋት መኪናው በመጀመሪያው ቁልፍ ሲነሳ የሰፈሩ ልጆች መግፋት ቀረብን ብለው ቅር አላቸው። ጭሱ ጨርሶ አልጠፋም፤ በዚያ ከፍታ አይጠፋም። ግን ሳስቷል፣ ናፍጣውም ይበረክት ጀመር። ዕቁቡ ከዚያ በኋላ ለፊልትሮ፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለጎማም ተሠራበት። የፈረሰው በጠብ አይደለም። መስመሩ ሌላ መኪና ያዘ፣ ዶልፊኑ አባዱላ በሚባለው ሚኒባስ ተተካ፣ ሹፌሮቹም ተበታተኑ። ጋሼ አርፈዋል።

አንዳንዴ ሳስበው ለዚያ አገር እንዲህ ተባብሮ መሥራት እንግዳ ነገር አልነበረም። በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አልዩ አምባ ከታጁራ የሚመጣውን የሲራራ ነጋዴ የምትቀበል ገበያ ነበረች። በረሃውን ብቻውን የሚያቋርጥ ነጋዴ አልነበረም፤ ተሰባስበው፣ አለቃ ሰይመው ነው የሚጓዙት።

ዛሬ ነገሩ ከዚያ ጊዜ የባሰ ሆኗል። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ቆይቷል። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲተመን ተደረገና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ናረ። ያሉት አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ገበሬውንና ነፍሰ ጡሯን ይዘው ዳገት ይወጣሉ። መለዋወጫ በተወደደ ቁጥር ኮፒው ይበዛል፤ ብቻውን የሚገዛውም ሹፌር በዚያው ልክ ይታለላል። የትራንስፖርት ማኅበራት በየመናኸሪያው አሉ፤ ታፔላና ተራ ከማስከበር አልፈው ይህን የጋራ ግዢ ቢሠሩ ምን አለበት እላለሁ። አባሎቻቸውን ያውቃሉ፣ የመኪናውን ዝርዝር ይዘዋል፣ ገንዘብ መሰብሰብም ለምደዋል።

እናንተም በደብረ ብርሃን፣ በጎረቤላ፣ በደብረ ሲና መስመር የምትሠሩ ልጆች፣ ማኅበሩን አትጠብቁ። አምስት ሆናችሁም ቢሆን ጀምሩ። የሞተሩን ዓይነት ከሰው አፍ ሳይሆን ከብረቱ ላይ አንብባችሁ ጻፉ፤ ጽሕፈቱ የሚነበብ ሰው ደብተር ይያዝ፤ የፖምፓ ባለሙያ ይዛችሁ ውረዱ። ኖዝሉ መፈተሻ ላይ ወጥቶ ሲረጭ በዓይናችሁ ሳታዩ ብሩን አትክፈሉ።